የእሑድ ጠያቂ

ሀብተማርያም የጥናት ፕሮግራሙን ያወጣው በጥምቀት ማግስት ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ካመጣው የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ ያለፈውን የታኅሣሥን ቅጠል ገነጠለና ጀርባውን ገልብጦ በማስመሪያ ሰባት ዓምድ አሰመረበት። በየዓምዱ ራስ ላይ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ እያለ እስከ እሑድ ጻፈ። ለቀኖቹ ቀይ እስክሪብቶ፣ ለትምህርቱ ሰማያዊ። ዕድሜው ሃምሳ ሁለት ነው፤ ያን ጠዋት ያየው ሰው ቢኖር ግን ነገ አንደኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ይመስለው ነበር። ያየው ሰው የለም። ቶሮንቶ ውስጥ ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባል ሰፈር፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለችው አንድ ክፍል ቤቱ ከእሱ ሌላ ድምፅ የሚያሰማ ነገር ቢኖር የማሞቂያው ቧንቧ ብቻ ነው።

ፈተናው የካናዳ ዜግነት ፈተና ነው። የመጣለት ደብዳቤ መጋቢት አራት ቀን፣ ሐሙስ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቅረብ ይላል። የፈረንጁን ቀንና ሰዓት ወደ እኛ የመለሰው ራሱ ሀብተማርያም ነው፤ እንዳይሳሳት ሁለት ጊዜ ቆጥሮታል። ቀደም ብሎ ደግሞ ስለ አገሩ ታሪክ፣ ስለ መንግሥቱና ስለ ክፍላተ አገሩ የምታወራ አንዲት ስስ መጽሐፍ ተልካለት ነበር። ከእሷ ሃያ ጥያቄ ይወጣል። አሥራ ሁለቱን የመለሰ ያልፋል፤ ያልመለሰ ዳኛ ፊት እስኪቀርብ ወራት ይጠብቃል።

ካናዳ ከገባ አሥረኛ ዓመቱን ይዟል። ሌላው ሰው ጊዜው በሞላለት ማግስት ማመልከቻውን ሲያስገባ እሱ «ምን ያጣድፈኛል» እያለ ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ዝም ብሎ አየ። ስንፍና አልነበረም። ቅጹን መሙላት ይጀምርና የቅርብ ዘመድ ስም የምትለዋ መስመር ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ይቆምበታል። አላገባም፤ ልጅ የለውም። ቅጹን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል።

ኋላ ያጣደፈችው እኅቱ ጸሐይወርቅ ናት። እትዬ ጸሐይ በዘጠኝ ዓመት ትበልጠዋለች። እናታቸው ስትሞት እሱ የአራት ዓመት ልጅ ስለነበረ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ወደ ሱዳን ሲወጣ ሳይሰናበታት ሄደ። ብታውቅ ጉዳት ያገኛታል ብሎ ነው፤ ቢሆንም አልተሰናበታትም። ከአራት ዓመት በፊት እሷም ልጃቸውን ከምታሳድግላቸው ቤተሰብ ጋር አሜሪካ ገባችና ቡፋሎ ቀረች። ጥገኝነት ጠይቃለች፤ ጉዳይዋ እስኪያልቅ ከአገሩ ብትወጣ መመለሻ የላትም። እሱ ደግሞ በስደተኛ ወረቀቱ ቪዛ ሁለት ጊዜ ጠይቆ ሁለት ጊዜ ተከልክሏል።

ቶሮንቶና ቡፋሎ በአውቶቡስ ቢበዛ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። በመሐሉ አንድ ወንዝ፣ በወንዙ ላይ አንድ ድልድይ አለ። የካናዳ ዜጋ የሆነ ሰው ካርዱን አሳይቶ ይሻገረዋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስና ጫማ ሊገዛ የሚሻገር ሞልቷል። ሀብተማርያም ግን አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የእኅቱን ፊት አላየም። የሚደዋወሉት ለበዓል ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን እንዴት ነሽ፣ እንዴት ነህ ከተባባሉ በኋላ የሚሉት ያልቅባቸዋል። አሥራ ስምንት ዓመት ብዙ ነው፤ ከየት ይጀመራል? ሁለቱም ስልኩን ይዘው አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ሲያዳምጡ ይቆዩና በል፣ በይ ተባብለው ይዘጋሉ።

ባለፈው የፍልሰታ ጾም ላይ ግን ያለ በዓል ደወለች። ስኳሯ ዓይኗ ላይ እንደወጣ ነገረችው።

«ሐኪሙ ብርሃኑ እየሄደ ነው አለኝ» አለች፤ የጎረቤት ወሬ የምታወራ ነበር የምትመስለው። «አሁን ሰው ከጥላ እለያለሁ። ትልልቅ ፊደልም አነባለሁ። ሀብቴ፣ ዓይኔ ሳይጠፋ ዓይንህን ልየው።»

ፎቶግራፍ ልላክልሽ ቢላት ፎቶግራፍማ አለኝ፣ ፎቶግራፍ ቢጠሩት ዞር አይልም አለችው። ሀብተማርያም በነጋታው ቅጹን ከመሳቢያ አወጣ። የቅርብ ዘመድ የምትለዋ መስመር ላይ ስሟን ጻፈና አለፈ።

እንግዲህ ጥናቱ። ሀብተማርያም መማር የሚያውቀው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ልጅ ሳለ የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሟል፤ ውዳሴ ማርያምን እስከ ዛሬ በቃሉ ይላል። ውዳሴ ማርያም ደግሞ በቀን የተከፈለ ነው። የሰኞው ሰኞ ይደገማል፣ የማክሰኞው ማክሰኞ፤ ዳዊቱም እንዲሁ። ከአርባ ዓመት በላይ ሳይረሳው የኖረ ትምህርት ቢኖር ያ ብቻ ነው። የመኪና ማቆሚያ ሥራውን ሲጀምር የተሰጠውን የሁለት ቀን ሥልጠናማ በሦስተኛው ቀን ረስቶታል።

ስለዚህ መጽሐፏን በቀን ከፈላት። ሰኞ ክፍላተ አገሩና ዋና ከተሞቻቸው። ማክሰኞ ታሪክ፤ ማን ቀድሞ ነበረ፣ ማን በመርከብ መጣ። ረቡዕ ንግሥቲቱ፣ እንደራሴዋና ምክር ቤቱ። ሐሙስ መብትና ግዴታ። ዓርብ ምርጫ። ቅዳሜ እርሻው፣ ደኑ፣ ማዕድኑና ሐይቁ። ሥራ የሚገባው ከቀትር በኋላ ስለሆነ የጥናቱ ሰዓት ጠዋት ከአንድ እስከ ሦስት ሆነ። የአንዱን ቀን ትምህርት በሌላው ቀን መንካት ክልክል ነው። ይህንን ከታች በቀይ ጻፈው፤ አሰመረበትም። ጥፋቱ እዚያች ቀይ መስመር ላይ ነበር፤ ግን ያን ጊዜ ማን ይንገረው?

ነጋሪ አልጠፋም እንኳ። ብሉር ጎዳና አጠገብ ያለው መኪና ማቆሚያ ውስጥ በፈረቃ ከእሱ ጋር የሚተካካ አቢይ የሚባል የሠላሳ ዓመት ሰው አለ። አቢይ ዜግነቱን ከወሰደ ዓመት አልፎታል። አንድ ቀን ሀብተማርያም ገንዘብ በሚቀበልባት የመስታወት ቤት ውስጥ ወዲህና ወዲያ እየተወዛወዘ የዓርቡን ትምህርት በዜማ ሲል፣ ውጭ ደግሞ ሦስት መኪና ተሰልፎ ሲጠብቅ ደረሰበት።

«ጋሼ፣ ለምን ይቸገራሉ?» አለው። «መልቲፕል ቾይስ ነው እኮ፤ ሰርክል ማድረግ ብቻ ነው። እኔ ሰብዌይ ላይ ሆኜ ሁለት ቀን ሪድ አደረግኩና ፓስ አደረግኩ።»

ሀብተማርያም ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብሎ መለሰለት። የአቢይ ግን አልተፈታም፤ ካርዱ ኪሱ ውስጥ ነው።

የእሑዱ ዓምድ ለብቻው ባዶ ቀርቶ ነበር። እሑድ የመጠየቂያ ቀን ነው። የኔታ ዘንድ ያጠኑትን ለራስ ብሎ ማቆም የለም፤ የሚያዳምጥ ሰው ፊት ይባላል። ሀብተማርያም ጠያቂ ፍለጋ ሁለት እሑድ መጽሐፏን በብብቱ ይዞ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ከቅዳሴ በኋላ ያነጋገራቸው ሁሉ «ምን ችግር አለው፣ ኮል አደርግልሃለሁ» አሉት፤ ከልባቸው ነው ያሉት። ከዚያ ልጆቻቸውን መኪና ውስጥ አስገብተው እጃቸውን እያውለበለቡ ሄዱ። እሱ በሰብዌይ፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ እስከ ፔፕ ጣቢያ ተጉዞ፣ ከዚያ አውቶቡስ ይዞ ቤቱ ገባና ስልኩን ከጠረጴዛው ዳር ወደ መሐል ሳብ አደረገው። እስኪመሽ ድረስ አልጮኸም። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል፤ መድኃኒቱ ግን እሑድ እሑድ ሥራ ይበዛበታል።

እኅቱ ትዝ ያለችው በሁለተኛው እሑድ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት ነው። እንግሊዝኛ አታውቅም። የአማርኛ ፊደል ግን በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ተምራ ከቀበሌው ሁለተኛ ወጥታለች፤ የምስክር ወረቀቷን ቡፋሎ ድረስ ይዛው ሄዳለች። ሀብተማርያም ከመጽሐፏ አርባ ጥያቄ መረጠና እንግሊዝኛውን በአማርኛ ፊደል፣ በወፍራም ጥቁር ቀለም፣ በአንድ ወረቀት ላይ አራት አራት ጥያቄ ብቻ አድርጎ ጻፈ። እያንዳንዱ ፊደል የአውራ ጣት ያህላል። አሥሩን ወረቀት በትልቅ ፖስታ ላከላት።

በመጀመሪያው እሑድ አንዱን ጥያቄ ለመጨረስ ሁለት ደቂቃ ፈጀባት። «ዋት... ኢዝ... ዘ... ካ፣ ፒ፣ ታል...» ትላለች፤ ቃሉ መሐል ላይ ትንፋሽዋን ትሰበስብና ደግሞ ትቀጥላለች። እሱ ይመልሳል። መልሱ ልክ ይሁን አይሁን በምን ታውቃለች? «ስትሳሳት አንተው ንገረኝ» አለችው። እሱም እየተናዘዘ ቀጠለ። አሥረኛው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ አጠራሯ ራሷን አሳቃትና አላቆም አላት፤ እሱም ሳቀ። ስልኩን ሲዘጋ ከሰዓት በላይ ማውራታቸውን አየ። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል አውርተው አያውቁም። የእሑዱ ዓምድ ላይ በሰማያዊ «እትዬ» ብሎ ጻፈ።

ከዚያ በኋላ ያሉት አራት ሳምንታት ደግ ነበሩ። ሳምንቱ መልክ ያዘ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ብቻውን ነው፤ ሆኖም ለእሑድ እየተዘጋጀ የሚኖር ሰው ብቸኝነቱ ያን ያህል አይከብደውም። እሷም ማስፈራራት ጀመረች። ባለፈው ሳምንት ሃያ ሦስተኛውን ስተሃል፣ ዛሬ ብትስተው እሠራልሃለሁ ትለዋለች፤ ለአራት ዓመት ልጅ በምትናገርበት ድምፅ ነው።

የፈተናው ቀን ሐሙስ ነበር አልን። ሀብተማርያም ግራጫ ሱፉን ለብሶ፣ ቀይ ክራቫቱን አስሮ፣ አንድ ሰዓት ቀድሞ ደረሰ። ወረቀቱ ሲታደል አማተበ። ገለጠው። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ማዕድን ነው። ማዕድን የቅዳሜ ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው።

አእምሮው ውስጥ የተከፈተው በር የሐሙሱ ብቻ ሆነበት፤ መብትና ግዴታ ከነዜማው ቁልጭ ብሎ ቆሟል። የቅዳሜውን ለማግኘት ዓይኑን ጨፍኖ ከእርሻው ጀምሮ፣ በደኑ በኩል አድርጎ እስከ ማዕድኑ ድረስ በልቡ መቁጠር ነበረበት። ደርሶ መልሱን ሲያከብ ሁለተኛው ጥያቄ የሰኞ ሆነ። ከኒውፋውንድላንድ ተነሥቶ ክፍላተ አገሩን አንድ በአንድ እያለፈ ወደ ምዕራብ ሄደ። ሦስተኛው ረቡዕ፤ ከንግሥቲቱ ጀመረ። ሁሉንም ያውቀው ነበር። አንድም የማያውቀው ጥያቄ አልመጣም። የተሰጠው ግማሽ ሰዓት ሲያልቅና እስክሪብቶ ይቀመጥ ሲባል አሥራ አንድ መልሶ አሥራ ሁለተኛውን ሊያከብ እጁን አንሥቶ ነበር።

አቢይ እንዳለው ማክበብ ብቻ ነበር። አሥራ አንዱም ልክ ነው፤ አንድ ጎደለው።

ውጤቱን ነገሩት። ያለፉት ሚያዝያ ላይ ይምላሉ አሉ፤ እርስዎ ግን ዳኛ ዘንድ ይቀርባሉ፣ ምናልባት በሐምሌ ወር። ቢያልፍ ኖሮ ለፋሲካ እኅቱ ቤት ይደርስ ነበር። ሲፈሰክ ጠረጴዛዋ አጠገብ የሚቀመጥበትን ወንበር እንኳ በሐሳቡ መርጦ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ክራቫቱን ፈትቶ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

እሑድ ነገራት። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሐምሌ የሚሉት የኛን ሐምሌ ነው?»

«የኛን ነው፣ እትዬ። ከዚያ ደግሞ መሐላው አለ፤ ነሐሴ ይገባል።»

«እሺ። በል አሁን ወረቀቴን ላምጣ፣ እንቀጥል» አለችው።

ሀብተማርያም የመጋቢት ቅጠል እንኳ እስኪያልቅ አልጠበቀም፤ የየካቲትን ገንጥሎ ሌላ ፕሮግራም አወጣ። ቀይ መስመር የለበትም። ሁሉም ትምህርት በሁሉም ቀን ነው፣ የተደባለቀ። ጥያቄዎቹን በትንንሽ ወረቀት ቆራርጦ ባዶ የቡና ጣሳ ውስጥ ከተታቸውና ጠዋት ጠዋት እንደ ዕጣ እያወጣ ራሱን ይጠይቃል። እትዬንም እሑድ ላይ ከዚህም ከዚያም እያነሣሽ ጠይቂኝ አላት። ይህ የሆነው ከፋሲካ ወዲህ ነው። አሻፈረኝ አለች። በተራው ነው የምጠይቅህ፣ የጀመርነውን አናበላሽም ብላ ድርቅ አለች። አንድ ጊዜ አሥራ ሰባተኛውን ድገሚልኝ ቢላት «ቆይ» አለችና ከአንደኛው ጀምራ አሥራ ሰባት እስክትደርስ ድረስ ሁሉንም ወረደችው። ሀብተማርያም እኅቱ በእርጅናዋ ግትር መሆኗ ገረመው።

ሌላም የገረመው ነገር አለ፤ አነባበቧ። ያ ሁሉ መንተባተብ ጠፍቶ «ዋት ኢዝ ዘ ካፒታል ሲቲ» ስትል ውኃ ሆናለች። ቀልዶባታል እንኳ፤ እኔ ዳኛ ፊት ከምቀርብ አንቺ ብትቀርቢ ይሻል ነበር ብሏታል። በመደጋገም ነው አለችው። ዓይንሽስ ሲላት መልሷ አንድ ነው። «ስጠይቅህ ትሰማኝ የለ?» ትለዋለች። ይሰማታል። ከጠየቀችው ታነባለች፣ ካነበበች ታያለች፤ እንግዲያው ጊዜ አለ ብሎ ተጽናና። የቸገረው ሰው የሚጽናናበትን አያጣም።

ዳኛዋ ፀጉራቸው የሸበተ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ነበሩ። ከጠረጴዛው ማዶ አስቀምጠውት ከክፍላተ አገሩ ሦስቱን ንገረኝ አሉት። ሀብተማርያም ዓይኑን ጨፈነ። ሦስት ማለት አልሆነለትም። ከምሥራቅ ተነሥቶ አሥሩንም ከነዋና ከተሞቻቸው፣ ሁለቱን የሰሜን ግዛቶች ጨምሮ፣ ወዲህና ወዲያ እየተወዛወዘ በአንድ ትንፋሽ ወረደው። ዳኛዋ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ስለ መብት ጠየቁት፤ የሐሙሱ ትምህርት በሙሉ ወጣ። እጃቸውን አንሥተው ባያስቆሙት ዓርብ ይገባ ነበር።

ማን ነው ያስተማረህ አሉት።

«ማይ ሲስተር» አለ።

እሷ እንግሊዝኛ ጎበዝ ናት ማለት ነው ቢሉት አይ፣ አንድም ቃል አታውቅም ብሎ መለሰ። ዳኛዋ ሳቁና ወረቀቱ ላይ ፈረሙ።

መሐላው ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሆነ። ከስልሳ የማያንሱ ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም ከሰው ጋር ነው የመጣው። ሚስት ባሏን ፎቶ ታነሣለች፣ ልጅ አያቱን ያነሣል። ከመሐላው በኋላ አንድ ሰው ወደ ሀብተማርያም መጥቶ ካሜራ ሰጠውና ቤተሰቡን እንዲያነሣለት ለመነው። አነሣቸው። ሌሎችም አዩትና ካሜራቸውን አመጡለት። አራት ቤተሰብ አነሣ፤ የእሱን ካርድ አይቶ እንኳን ደስ ያለህ ያለው ግን አልነበረም። ካሜራቸውን እየመለሰላቸው እሱ ራሱ እንኳን ደስ ያላችሁ አላቸው። በዚያ ቀን ከልቡ ከፍቶታል።

እሑድ ደውሎ ቅዳሜ እመጣለሁ አላት። ያን ቀን ጥያቄ አልነበረም። በመጨረሻ ምን ለብሰህ ነው የምትመጣው አለችው። ግራጫ ሱፍና ቀይ ክራቫት አላት። «ግራጫ ሱፍ፣ ቀይ ክራቫት» ብላ ደገመችው።

ቅዳሜ ግን ከማለዳው ጀምሮ ሙቀቱ የሚቻል አልነበረም። ሀብተማርያም ሱፉን ለበሰ፣ አሳንሰሩ እስኪመጣ ድረስ ላብ አጠመቀው፣ ተመልሶ አወለቀና በእጅጌ ጉርድ ነጭ ሸሚዝ ብቻ ወጣ። ድልድዩ ላይ አውቶቡሱ ቆሞ ሁሉም ወረደ። ሀብተማርያም ካርዱን በሁለት እጁ ይዞ አርባውን መልስ በልቡ ደርድሮ ተሰለፈ። ጠባቂው ዜግነትህ ምንድን ነው አለው፤ ካናዳዊ አለ። ወዴት ነህ አለው፤ እኅቴን ላይ አለ። እለፍ አለው። አሥራ ስምንት ዓመት በዚህ አለቀ።

እትዬ ጸሐይ የምትኖረው አረጋውያን የሚኖሩበት ሕንፃ ምድር ቤት ነው። በሩን ሲያንኳኳ ኮቴዋን ሰማ፤ ቀስ ያለ፣ ግድግዳ ግድግዳውን የሚሄድ ኮቴ ነው። ከፈተች። ትንሽ ሆናለች፤ ፀጉሯ ነጭቷል። ዓይኖቿ ግን የሚያውቃቸው ዓይኖች ነበሩ፤ ትልልቅ፣ ጥቁር። ፈገግ ብላ ቀጥ ብላ አየችው።

«ሀብቴ» አለች። «ግራጫው ሱፍ እንዴት አምሮብሃል! ከነቀይ ክራቫቱ።»

ሀብተማርያም ወደ ታች፣ ወደ ነጭ ሸሚዙ አየ። ቀና ብሎ ዓይኖቿን አየ። እጁን ቀስ አድርጎ ቢያነሣ ዓይኖቿ አልተከተሉትም።

«ላንቺ ብዬ ነው የለበስኩት» አላት።

ተቃቀፉ። መዳፎቿ ክንዶቹ ላይ ሲያርፉ ያገኙት ሱፍ አልነበረም፤ ባዶ ክንድ ነው። ጣቶቿ ለአፍታ ቆሙ። ከዚያ ወደ አንገቱ ወጡ፤ ክራቫት የለም።

«ውሸታም» አለችው ጆሮው ሥር።

«አንቺ ነሽ የጀመርሽው» አላት።

በሩ ላይ እንደቆሙ አለቀሱ። ሁለቱም ሲያለቅሱ ድምፅ የላቸውም፤ አስተዳደጋቸው ነው። ኋላ እጁን ይዛ ወደ ወንበሩ የመራችው እሷ ናት። አጠገቡ ተቀምጣ ፊቱን በጣቶቿ አየችው፤ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ የዓይኑን ቆብ። አርጅተሃል አለችው። አዎ አላት። አሥሩ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተደራርቦ ተቀምጧል፤ የአውራ ጣት የሚያህሉት ፊደሎች ከበሩ ድረስ ይነበባሉ።

«ከመቼ ወዲህ ነው?» አላት።

«ከፋሲካ ወዲህ። ሐኪሙ ፋሲካን አያልፍም ብሎኝ ነበር፤ አላለፈም።»

ታዲያ እንዴት ነበር የምትጠይቂኝ ቢላት ነገሩን አንድ በአንድ አወጋችው። የፈተናውን ወሬ የነገራት ዕለት እሷም ፕሮግራም አውጥታለች። በቀን አንድ ጥያቄ፣ ለአርባ ቀን። ጠዋት ማጉያ መስታወቱን ይዛ ታነባለች፣ ቀኑን ሙሉ ስትጠርግም ስታጥብም ትለዋለች፣ ማታ ላይኛው ፎቅ የምትኖረው አዲስአለም መጥታ ወረቀቱን ይዛ ታዳምጣታለች። አርባኛውን የያዘችው በሰሙነ ሕማማት ነው። ትርጉሙን እንደሆነ አንዱንም አታውቀውም። ከመሐል አንሺ ስትለኝ ያልቻልኩት ለዚያ ነው፣ ከላይ ካልጀመርኩ አይመጣልኝም አለችው። አዲስአለምን ደግሞ ለሀብቴ ብትነግሪው ብላ በማርያም ገዝታታለች።

ሀብተማርያም ለምን አልነገርሽኝም አላት።

«ብነግርህ በየትኛው ልብህ ታጠና ነበር?» አለች። «ለማን ብለህ?»

ይህን ስትል ወረቀቶቹን በእጇ ዳሰሰችና ዳር ለዳር አስተካክላ ደረደረቻቸው። ከዚያ መልሳ በተናቸውና እንደገና ደረደረቻቸው። ውጭ ልጆች በብስክሌት ሲያልፉ ይሰማል። እሱ የመመለሻው አውቶቡስ ነገ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ያውቃል፤ እሷም ሳይነግራት ታውቃለች። ሰኞ ከቀትር በኋላ አቢይን ይተካል።

«ሀብቴ» አለች።

«አቤት፣ እትዬ።»

«እንግዲህ አለፍክ። ከእንግዲህ እሑድ እሑድ ምን ልጠይቅህ?»

ሀብተማርያም ይህን አላጠናውም ነበር።